ለፎቶ ሲባል በሌሊት መነሳት ያዋጣል ወይ? የአንድ ረጅም ክር ውሎ

የመክፈቻው ጽሑፍ

ነገሩ የተጀመረው በኢንተርኔት መወያያ ላይ ነው፤ ክር የምለው አንድ ጥያቄና በተራ የተጻፉለትን መልሶች ነው። ጠያቂው ካሜራ ከገዛ ገና ብዙ አልቆየም። አሁን የእረፍት ጉዞ ሊወጣ ነው። ያገኘው ምክር ሁሉ ጎህ ሳይቀድ ተነስ ይለዋል። እሱ ግን የሚሄደው ሊያርፍ ነው፤ እንቅልፉንም ይወዳል። ጥያቄውን በትህትና አቀረበ። ፀሐይ አድማስ ላይ እስካለች ድረስ፣ ወጣችም ገባችም ብርሃኗ ያው ወርቃማ አይደለም ወይ? ታዲያ ሰው በጨለማ ከሚደናበር አመሻሹን ቢጠብቅ ምን ይቀርበታል? ፎቶ አይቶ ብቻ ይሄ ማለዳ ነው፣ ይሄ ምሽት ነው ብሎ የሚለይ ካለም ምልክቱን እንዲነግሩት ለመነ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን በማለዳ ተነሱ ብለን እንመክራለን። ለምን ሲባል ግን ብርሃኑ ያምራል ከማለት አናልፍም። ብርሃኑ ደግሞ የመልሱ ግማሽ እንኳ አይደለም። ክሩ የሄደበትን መንገድ በተራ ቁጥሩ እነግራችኋለሁ። የሚታየኝ ነገር ሲኖር የራሴንም ጣል አደርጋለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጠያቂውን አንቱ እያሉ ነው የጻፉት። ስለ ብርሃኑ ልክ ነዎት አሉት። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብርሃኗ የሚያቋርጠው አየር ትንሽ ነው። አድማስ ላይ ስትሆን ግን ወደ 40 እጥፍ የሚጠጋ አየር ሰንጥቆ መምጣት አለበት። በመንገዱ ሰማያዊው ይበተናል፤ ቀዩና ብርቱካናማው ይተርፋል። ይህ ጠዋትም ማታም አንድ ነው።

ልዩነቱ ያለው አየሩ ላይ ነው። ሌሊቱን መሬት ሲቀዘቅዝ በላዩ ያለው አየርም አብሮ ቀዝቅዞ ይተኛል። ነፋሱ ረግቦ ያድራል። ሐይቁ መስታወት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ግን መሬቱ ሲግል የዋለ ነው። አየሩ ይታመሳል፣ አቧራው ይነሳል፣ ውሃው ይሸበሸባል። ተራራ ውሃ ላይ ተገልብጦ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ቀለሙን ማታም ሊያገኘው ይችላል። የረጋውን ውሃ የሚያገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው።

ለእኔ የነገሩ ሥር ይህ ነው። ማለዳ የሚሰጠን ትልቁ ነገር እርጋታ ነው፤ ቀለሙ ተጨማሪ ነው። ከዚህ በኋላ የመጡት መልሶች እየተጨቃጨቁም ቢሆን ወደዚሁ ሲመለሱ ነው ያየሁት።

መልስ 2

ከአንድ መስመር አላለፈም። ማለዳ ሰው የለም፣ መኪና የለም፣ በቃ።

መልስ 3

ብዙ የተጓዘች ሴት ናት። ህንድ ያለውን ታጅ ማሃልን አነሳች። በሩ የሚከፈተው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው። ነጩ እብነ በረድ መጀመሪያ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ቀስ እያለ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ፀሐይ ስትነካው ደግሞ ቢጫ ቅላት ይወጣዋል። እሷን የገረማት ግን ቀለሙ ሳይሆን ዝምታው ነው። የራሷን የእግር ኮቴና የወፎችን ጫጫታ ብቻ እየሰማች መራመዷን ረዘም አድርጋ ጻፈች። አርፍዶ ለገባ ሰው ይህ አይገኝም።

ከዚያ ካምቦዲያ ወዳለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ፣ ወደ አንኮር ዋት ተሻገረች። እዚያ በማለዳ ካልሆነ መሄዱ ራሱ ዋጋ የለውም ብላ ደመደመች። ነገር የጫረው ይህ መደምደሚያ ነው።

መልስ 4

ይህኛው ሻከር ያለ ነው። መልስ 2ም መልስ 3ም የጥንቱን ዘመን ነው የሚያወሩት አለ። አንኮር ዋት ፊት ለፊት ያለው ኩሬ ዳር ጎህ ሳይቀድ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ይቆማል። የተነሳው ስልክ ብዛት ቤተ መቅደሱን ይጋርዳል። ዩታ ውስጥ ባለው ሜሳ አርች የሚባል የድንጋይ ቅስት ሥርም ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ከትራይፖድ ይጠላለፋል። ሃዋይ ያለው የሃሌአካላ ተራራ ደግሞ ሰው ስለበዛበት በፈረንጆቹ ከ2017 ጀምሮ ፀሐይ መውጫ ለማየት አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግዴታ ሆኗል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለ ቀጠሮ በመኪና መግባት አይቻልም። ታዲያ ባዶው ማለዳ የታለ? ለሰልፍ ከሆነ ተኝቶ ማርፈድ ይሻላል ባይ ነው።

መልስ 5

በዚህ ክር ከሁሉ የወደድኩት መልስ ነው። ጸሐፊው ሁለቱንም ልክ ናችሁ ብሎ ጀመረ። ሕዝቡ የሚመጣው የፀሐይዋን ክብ ለማየት ነው። ብቅ ስትል ያነሳታል፤ ወዲያው ይበተናል። ስለዚህ ከሕዝቡ ቀድሞ የመጣና ከሕዝቡ በኋላ የቀረ ሰው ቦታውን ብቻውን ያገኘዋል።

መልስ 3ን ግን አንድ ነገር አረማት። አንኮር ዋት ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው። በማለዳ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ፀሐይዋን የሚያያት ከማማዎቹ ኋላ ስትወጣ ነው። ሕንፃው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ጥላው የሚፈለግ ከሆነ እሰየው። የፊቱን ድንጋይ ብርሃን ሲመታው ማየት የሚፈልግ ግን ከሰዓት በኋላ ይሂድ። በማለዳ ካልሆነ ዋጋ የለውም የሚለው ቃል ለዚህ ቦታ አይሠራም።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ነገረን። ለፀሐይዋ ጀርባ ስጡ አለ። ሰማዩ ከጠራ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ወደ ምዕራብ ዙሩ። ከአድማሱ በላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ግራጫ መስመር ይታያል። የመሬት ጥላ ነው። የቆምንባት መሬት በገዛ አየሯ ላይ የጣለችው ጥላ። ከእሱ በላይ ደግሞ የደበዘዘ ሮዝ ቀበቶ አለ፤ የቬነስ መቀነት ይሉታል። ፀሐይ ወደ አድማሱ በቀረበች ቁጥር ጥላው ወደ ታች እየሰመጠ ይሄዳል። ፀሐይ ስትወጣ ጠፍቷል።

እኔም የምጨምረው አለኝ። ያን ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ምሥራቅ አፍጥጦ ነው የሚቆመው። የምዕራቡን ሮዝ ሰማይ ከኋላው አድርጎ ያደረ ተራራ ወይም ባዶ ሜዳ ግን ጥላ የሌለው፣ ለስላሳ፣ ሁሉ ነገሩ የሚታይ ፎቶ ይሰጣል። እባካችሁ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩት።

መልስ 6

ትምህርት ወዳድ ሰው ነው። መልስ 5 መቼ መድረስ እንዳለብን በደቂቃ አልነገረንም አለ። መነገርም አይችልም፤ እንደ ቦታው ይለያያል። ፀሐይ ከአድማስ በታች እስከ 6 ዲግሪ ድረስ ባለችበት ጊዜ ያለ መብራት አካባቢን መለየት ይቻላል። ምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ይህ ወጋገን ከ20 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋን ቁጥር እያገደመች ስለምትወጣ ወጋገኑ ይረዝማል። ከ60 ዲግሪ ኬክሮስ ከፍ ባሉ ቦታዎች፣ ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ወቅት፣ ሌሊቱን ሙሉ ወጋገን ሆኖ ያድራል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ የሚለው ምክር ለአንዱ ይበቃል፤ ለሌላው ደግሞ ግማሹን ነገር ያስመልጠዋል።

አየሩ ብርሃንን ስለሚያጎብጥ ፀሐይዋን የምናያት በትክክል አድማሱን ከማለፏ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀድሞ እንደሆነም አከለ። ያ የወጋገን ሰማያዊ ድምቀትም በአብዛኛው የኦዞን፣ ማለትም ከፍ ባለው አየር ውስጥ ያለ ጋዝ ሥራ ነው። ብርሃኑ በኦዞን ውስጥ ረጅም መንገድ ሲያልፍ ብርቱካናማው ይዋጣል፤ ሰማያዊው ይጎላል። ትንሽ ይመጻደቃል፤ ግን ያለው ሁሉ ትክክል ነው።

መልስ 7

ተራራና ሕንፃ እርሱት አለች። እሷ የምታነሳው ነፍሳት ነው። ብዙዎቹ ነፍሳት ሰውነታቸውን ራሳቸው ማሞቅ አይችሉም። ሌሊቱን በብርድ ደርቀው ያድራሉ። ፀሐይ እስክታሞቃቸው መብረር አይችሉም። የውሃ ተርብ በጠዋት ሣር ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ክንፉ ላይ፣ ዓይኑ ላይ፣ እግሩ ላይ ሳይቀር ጤዛ ተደርድሮበታል። ሌንሱን አስጠግታችሁ አንዷን ጠብታ ብቻ ብታዩ፣ ከኋላ ያለው ሣርና ሰማይ ተገልብጦ ውስጧ ይታያል። ሣሩን ሳይነኩ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳያርፍበት፣ በጉልበት ተንበርክኮ መሥራት ነው። ፀሐይዋ ስትደርስበት ክንፉን ማርገብገብ ይጀምራል። ጤዛው ይራገፋል። ከዚያ ይበራል፤ አለቀ።

ነፍሳትን ፍሪጅ አስገብተው አደንዝዘው የሚያነሱትን ሰዎች በቁጣ ነው ያነሳቻቸው። ማለዳ መነሳት ያቃተው ሰው እንስሳ ማሰቃየት የለበትም አለች። ከእሷ ጋር ነኝ።

መልስ 8

እዚህ ላይ ክሩ ከረረ። ጸሐፊው ይህ ሁሉ የማለዳ ወሬ ጉራ ነው ብሎ ገባ። በጠራራ ፀሐይም ባዶ አደባባይ ማንሳት ይቻላል፤ ኤንዲ ፊልተር የሚባለውን ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ሌንሱ ላይ አድርጎ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ለደቂቃዎች ክፍት መተው ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው ሁሉ ይጠፋል። ማስረጃ ብሎ ከፎቶግራፍ ጀማሪዎች አንዱን፣ ፈረንሳዊውን ዳጌርን ጠራ። በፈረንጆቹ 1838 ፓሪስ ውስጥ ያነሳው የቡልቫር ዱ ታምፕል ፎቶ ሰው የሚርመሰመስበትን ጎዳና ጭር ብሎ ነው የሚያሳየው። ፎቶው ደቂቃዎች ስለፈጀ ሠረገላውም እግረኛውም አልተመዘገበም።

መልስ 9

ቀደም ሲል ሰዉ እርስ በርሱ አንቱ ሲባባል ነበር። ከዚህ መልስ ጀምሮ አንተ ሆነ። ጸሐፊው መልስ 8ን ፎቶውን በደንብ አላየኸውም አለው። ዳጌር ያን ፎቶ ያነሳው በጠዋት ነው። ጎዳናውም ጨርሶ ባዶ አይደለም፤ ታች ጥግ ላይ አንድ ሰው ይታያል። ጫማውን እያስጠረገ ስለነበር አልተንቀሳቀሰም። የፎቶው ዝና ሁሉ ከእሱ የመጣ ነው። ደግሞም ፊልተር ሰው ያጠፋል እንጂ ጥላ አያጠፋም። እኩለ ቀን ላይ የዓይን ጉድጓድና የጣሪያ ሥር በጥቁር ጥላ ይዋጣል፤ ኤንዲ ፊልተር እሱን አያስተካክልም።

መልስ 10 እና 11

ስድብ ነው፤ አልፈዋለሁ። አንደኛው እንቅልፋሞች አለ፤ ሌላው ሥራ ፈቶች አለ።

መልስ 12

ሁለቱንም በለሰለሰ ቃል ገሥጸው ወደ ጠያቂው የመጀመሪያ ጥያቄ የመለሱን አንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺ ናቸው። ማለዳና ምሽት በምን ይለያል? ቀለሙን አትመልከቱ አሉ። ሣሩ ላይ ጤዛ አለ ወይ? ሸለቆው ውስጥ ጉም ተኝቷል? ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል ወይስ ይበተናል? መስኮቶች ተዘግተዋል? አሸዋው ላይ የትናንት ኮቴ አለ ወይስ ነፋሱ ሌሊት አጥፍቶታል? ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ባዶ ሰማይና ፀሐይ ብቻ ከሆነ፣ እሳቸውም እንደማይለዩት በግልጽ ተናገሩ። ጠያቂው በዚህ መልስ በጣም አመሰገነ።

መልስ 13

ከሁሉ የሚያስፈልገው መልስ ይህ ይመስለኛል። የሚገባውን ያህል ሰው ግን አልተወያየበትም። ጸሐፊዋ ብቻዋን ነው የምትጓዘው። ባዶ ጎዳና ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም አለች። ለእናንተ ጸጥታ የሆነው ለእኔ ስጋት ነው። በማታውቀው ከተማ በጨለማ ካሜራ አንጠልጥሎ መሄድ ሌላ ነገር ነው። እሷ የምታደርገውን ዘረዘረች። የምታነሳበትን ቦታ ከዋዜማው በቀን ሄዳ ታየዋለች። የምትቆምበትን ድንጋይ ሳይቀር ትመርጣለች። ያረፈችበት ቤት ላሉ ሰዎች የት እንደምትሄድና መቼ እንደምትመለስ ትነግራለች። በመኪና ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን በደንብ ተኝታ ካላደረች አትነዳም፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ያንቀላፋል።

ከዋዜማው ማየት ለደህንነት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በጨለማ የደረሰ ሰው ገደሉ የት እንደሆነ፣ ዛፉ ከየት በኩል እንደሚያምር አያውቅም። ሰማዩ መቅላት ሲጀምር ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣል። አስቀድሞ ያየ ግን ቆሞ ይጠብቃል።

መልስ 14

ወሬው ወደ አውሮፕላን ተሳበ። አንድ መንገደኛ የማለዳ በረራ ብቻ ነው የምቆርጠው አለ። አውሮፕላኑ ብዙ ጊዜ እዚያው ያደረ ስለሆነ ከሌላ ቦታ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ የቀኑ መዘግየትም ገና አልተጠራቀመም። አየሩም ገና ስላልጋለ መናጡ ይቀንሳል። በሞቀ አየር የሚንሳፈፉ ፊኛዎች ጎህ ሲቀድ የሚነሱትም ለዚሁ ነው አለ። ከርዕስ የወጣ ይምሰል እንጂ መልስ 1 ካሉት ጋር ሄዶ ገጠመ፤ ያው የረጋው አየር ነው።

መልስ 15 እና 16

ከፊኛው ተነስተው ግብፅ ደረሱ። መልስ 15 የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደስ አነሳ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ የካቲት 22 እና ጥቅምት 22፣ የማለዳ ፀሐይ እስከ ውስጠኛው ክፍል ዘልቃ ሐውልቶቹን ታበራቸዋለች። መልስ 16 አረመው። ሐውልቶቹ አራት ናቸው፤ የሚበሩት ሦስቱ ናቸው። አራተኛው፣ ፕታህ የተባለው አምላክ፣ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ቤተ መቅደሱ ራሱ ከአስዋን ግድብ ውሃ ለማዳን በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ተቆርጦ ከፍ ወዳለ ቦታ ተወስዶ እንደገና የተገጣጠመ ነው። ሲገጣጠምም አቅጣጫው በጥንቃቄ ተጠብቋል።

መልስ 17

ይህ ደግሞ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ነው። ቀዝቃዛ ኤሲ ካለው ክፍል እርጥበት ወዳለው ውጭ ድንገት የወጣ ሌንስ ላብ ይለብሳል። ያን ጊዜ መጥረግ አይረዳም። ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጡ የውጪውን ሙቀት እስኪለምድ መተው ነው። ብርድ ከሆነ ባትሪ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን የውስጥ ኪስ ውስጥ መያዝ ይበጃል። በጨለማ አውቶፎከስ (ካሜራው ራሱ ምስሉን የሚያጠራበት መንገድ) ስለሚንገዋለል ሩቅ ያለ መብራት ላይ አስተካክሎ ወደ ማኑዋል፣ ማለትም በእጅ ወደሚስተካከለው መቀየር ነው። ኋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) አውቶ ላይ የተወ ሰው ደግሞ ካሜራው የወጋገኑን ሰማያዊ ስህተት መስሎት ሊያነጣው ይችላል። ዴይላይት ላይ አድርጉት፤ ከተቻለ በራው፣ ማለትም ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል አንሱ። ይህን መልስ ለጀማሪ ሁሉ አስተላልፉት።

መልስ 18

ጠያቂው ተመለሰ። ለመነሳት ልቡ አዘንብሏል። ግን ተነስቶ ሰማዩ ደመና ቢሆንስ? እንቅልፉም ፎቶውም ሊቀርበት ነው ብሎ ፈራ።

መልስ 19

ከዋዜማው ትንበያውን እይ አሉት መልስ 1፤ አሁን ተላምደውት አንተ ብለውታል። ደመና ሁሉ አንድ አይደለም። ከፍ ያለ ስስ ደመና ከሆነ ደስ ይበልህ፤ ፀሐይ ገና ሳትወጣ ከሥሩ ታቀላዋለች። አድማሱን እንደ ግንብ የዘጋ ዝቅ ያለ ወፍራም ደመና ከሆነ ቀለሙ አይመጣም። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ መሬቱ ረጥቦ ያደረ እንደሆነ ደግሞ ጉም ሊኖር ይችላል። ጉሙ ፀሐይ እንደወጣች ይጠፋል ብለህ አትሂድ። አንዳንዴ መጀመሪያ ይበልጥ ይወፍራል፤ ከዚያ ነው የሚገለጠው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚሄደው ልክ ሊገለጥ ሲል ነው።

መልስ 20

ጠያቂው የመጨረሻ ሙከራ አደረገ። ካረፈበት ክፍል መስኮት ሆኖ ቢያነሳስ? አይቆጠርም ብለው እንዳይስቁበትም ጠየቀ።

መልስ 21

የነፍሳቷ ፎቶ አንሺ መለሰችለት። ይቆጠራል አለች። ክፍል ስትይዝ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ያለው ጠይቅ። ሰው ሁሉ ፀሐይ መውጫ ብሎ የምሥራቁን ይፈልጋል፤ የምሥራቁ የሚያሳይህ ግን ጥቁር ጣሪያና የሚያጥበረብር ሰማይ ነው። በምዕራቡ መስኮት መጀመሪያ መልስ 5 ያለውን የመሬት ጥላና ሮዝ ሰማይ ታያለህ። ቀጥሎ ብርሃኑ ከኋላህ መጥቶ ሕንፃዎቹን ከላይ ወደ ታች ሲያበራቸው ታያለህ። የክፍሉን መብራት አጥፋ። መስኮቱ ከተከፈተ ክፈተው። ካልተከፈተ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጥፈው፤ የራስህ ምስል አይገባብህም።

ጠያቂው ማረፊያ ቦታው ደውሎ ክፍሉን በምዕራብ በኩል እንዳስቀየረ ጻፈ። አሁን የሚጠብቀው መስታወቱ ድርብ ከሆነ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው ሰው ነው። የምታውቁ ካላችሁ ክሩ ገና ክፍት ነው።